የሸክላ ሠሪዋ በቆሎ

ጠጋ በሉ፣ ቦታ አለ። የምነግራችሁን እኔ አላየሁትም፤ አያቴም አላየም። የአያቴ አያት ግን ያዩትን ሰዎች አይቷል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ዘመን የሚቆጥርልን የለም። ያኔ ይህ ሜዳ ደን ነበር፤ ዛሬ ደን የሆነው ደግሞ ሜዳ ነበር። አገራችን ብሳና ውሃ ግን ያኔም ብሳና ውሃ ነበር፤ ወንዙም በዚሁ በኩል ይወርድ ነበር።

በዚያ ዘመን በብሳና ውሃ ትርንጎ የምትባል ሸክላ ሠሪ ትኖር ነበር። ባሏ ሞቶባታል። ሁለት ትንንሽ ሴቶች ልጆች አሏት። ርስት የላትም፤ በሬ የላትም፤ ወገን የላትም። ያላት ጭቃ የሚያቦኩ ሁለት እጆች ብቻ ናቸው።

ድስቱን እሷ ትሠራለች። ጋኑን እሷ ትሠራለች። እንስራውን እሷ ትሠራለች። አገሩ ሁሉ በትርንጎ ድስት ወጥ ይሠራል፣ በትርንጎ ጋን ጠላ ይጠምቃል፣ በትርንጎ እንስራ ውሃ ይቀዳል። ከትርንጎ እጅ ግን እህል የሚቀምስ ሰው አልነበረም። ሸክላ ሠሪ ናት፣ ዓይኗ ክፉ ነው፣ እጇ አይነካም ይሉ ነበር። ለድስቱ የሚከፍሏትን እህል እንኳ መሬት ላይ ያስቀምጡላታል እንጂ እጇ ላይ አያኖሩላትም።

ሸክላ ደግሞ የበጋ ሥራ ነው። ክረምት ሲገባ ጭቃው አይደርቅም፣ ኩበቱ ይረጥባል፣ ድስት አይተኮስም። እና ክረምት ለትርንጎ የረሃብ ጊዜ ነበር። አንድ ክረምት ታናሽ ልጇ ከመደብ መነሳት አቃታት። ነሐሴ ነበር። ትርንጎ ጎመን ቀቀለችላት፤ ጎመኑም አለቀ። ከዚያ ያገኘችውን ቅጠል ሁሉ ቀቀለችላት። ልጅቷ ተረፈች፤ እንዴት እንደተረፈች እናቷም አታውቅም። ዝናቡ ባባራ ጊዜ ትርንጎ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ጭቃ ሹሙ ደጅ ሄደች።

ጭቃ ሹሙ አያ ቢተው ይባሉ ነበር። መሬት የሚያከፋፍሉ እሳቸው፣ ግብር የሚሰበስቡ እሳቸው፣ ክርክር የሚዳኙም እሳቸው ናቸው። ቁመታቸው ረጅም፣ እጃቸው እንደ ሰፌድ ሰፊ፣ ድምፃቸው ከወንዝ ማዶ የሚሰማ ሰው ነበሩ። ትርንጎ ከደጃቸው ራቅ ብላ ቆመች። መሬት ይስጡኝ አለቻቸው።

“የትኛውን መሬት?”

“ቀይ ገደልን።”

በደጁ የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። ቀይ ገደል ማለት ከኮረብታው ሥር ያለው፣ ጎርፍ የበላው ቦረቦር ነበር። አፈሩ ታጥቦ ሄዶ ቀይ አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። ሣር አይበቅልበትም። ፍየል እንኳ ሳይቆም ያልፈዋል። አያ ቢተውም ሳቁ። ውሰጂው አሏት። ካበቀለልሽ ግን እንደማንኛውም ሰው ግብር ትከፍያለሽ ብለው ጨመሩ፤ ሰውም እንደገና ሳቀ።

አሁን አንድ ነገር እወቁልኝ። ያኔ በቆሎ የጓሮ ነገር ነበር። ሴቶች ከቤታቸው ጀርባ፣ አመድና እበት በሚደፋበት ቦታ ጥቂት እግር ይተክላሉ፤ እሸቱን ልጆች ይጠብሱታል፤ በዚያው ያልቃል። ማሳው የጤፍና የዳጉሳ ነው። በቆሎ ለማሳ ይሆናል ብሎ ያሰበ ገበሬ አልነበረም። ትርንጎ ግን የሰው ጓሮ አጥር ዳር ቆማ ስታይ፣ በቆሎ የሚደርሰው በነሐሴ ነው። ልጇ ልትሞት የነበረውም በነሐሴ ነው። ጓሮውን ያበረታው ደግሞ የሚደፋበት አመድና እበት እንደሆነ አየች። እበቱ ወደ ቀይ ገደል ቢሄድ በቆሎውም ተከትሎት ይሄዳል አለች ለራሷ።

በጋውን ሙሉ ድንጋይ ለቀመች። ጎርፉ በሚወርድበት ላይ አግድም ደረደረችው፤ ትልቅ አድርጋ፣ ከፍ አድርጋ ካበችው። ገበያ የሚሄዱ ሰዎች ያዩዋታል። ትርንጎ ለጅብ ቤት እየሠራች ነው ይላሉ። ትርንጎ ድንጋይዋን አነሳች።

ሰኔ መጣ። የመጀመሪያው ከባድ ጎርፍ ከኮረብታው ወረደና ያን ትልቅ ካብ በአንድ ጊዜ ገፍቶ ጣለው። የበጋው ሥራዋ ሁሉ ወደ ወንዝ ተንከባለለ። ትርንጎ ጭቃው ውስጥ ተቀመጠችና አለቀሰች። ስታለቅስ ቆይታ ቀና አለች። ጎርፉ ካቡን ወስዶታል፤ ነገር ግን እዚህም እዚያም፣ ከተራ ድንጋይ ኋላ፣ ትንሽ ትንሽ ጥቁር አፈር ጥሎ ሄዷል። ለካ ውሃው ከፍ ያለውን ይገፋል፣ ዝቅ ያለውን ይዘለዋል፣ ሲዘለው ግን የተሸከመውን ያራግፋል። ትርንጎ ተነሳች። በዚያው በዝናብ ውስጥ ዝቅ ያሉ ብዙ የድንጋይ ክትሮችን ሠራች፤ አንዱ ከአንዱ በታች፣ ሌላው ከሌላው በታች። ያን ክረምት እሷና ልጆቿ በበጋ ያከማቸችውን ድስት እየሸጡ በጭንቅ አለፉት። ጎርፉ ደግሞ በመጣ ቁጥር የኮረብታውን አፈር እያመጣ ከክትሮቹ ኋላ አስቀመጠላት።

መስከረም ላይ ግብጦ ዘራችበት። ግብጦ መሬት አይመርጥም፤ ደካማ መሬትም ያበረታል። ፍሬውን ለቀመች፣ ቆላችው፣ መራራነቱ እስኪወጣ ወንዝ ውስጥ ዘፍዝፋ ከልጆቿ ጋር በላችው። አገዳውን ለማገዶ አልወሰደችም፤ እዚያው መሬቱ ላይ አልብሳ ተወችው። ከብቶች ከሚያልፉበት መንገድ ደግሞ እበት ለቀመች። ልጆች አፍንጫቸውን ይዘው ይስቁባታል። ትርንጎ ቅርጫቷን አነሳች። ሸክላ የምትተኩሰው በኩበት ነውና እበቱ ሁሉ መሬት ሲገባ የምትተኩሰው ድስት አነሰ። ያን በጋ ገበያ የወጣችው ጥቂት ጊዜ ነው። የማሰሮዋን ገቢ ለአፈሩ አበላችው ማለት ነው።

ግንቦት ላይ ዝናቡ መሬቱን ሲያለሰልሰው በዶማ ጉድጓድ ጉድጓድ ቆፈረች። በሬ የላትማ። በየጉድጓዱ የበሰበሰ ፍግ ጨመረች፣ በላዩ አመድ፣ በላዩ ዘር። በመካከሉ አደንጓሬ ተከለች፤ አደንጓሬውም አገዳው ላይ ተጠምጥሞ ወጣ፤ ሥሩ አፈሩን አበረታ፣ ቅጠሉ አፈሩን ከፀሐይ ጋረደ።

በነሐሴ ቀይ ገደል አረንጓዴ ሆነ። ሰው ቢገባበት አይታይም። አገዳው ሁሉ ወፍራም፣ አንዳንዱ ሁለት ራስ ይዟል። ትርንጎ የመጀመሪያውን እሸት ጠብሳ ለታናሽ ልጇ ሰጠቻት። ልጅቷ በሁለት እጇ ይዛ እስከ ቆረቆንዳው ድረስ ጋጠችው፤ ሌላ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ትርንጎም፣ “አለ፤ እስክትጠግቢ አለ” አለቻት። ይህን ቃል ለልጇ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር።

እንግዲህ ሰው ሲደኸይ ይሳቅበታል፤ ሲያገኝ ይጠረጠራል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ነገር መጣ።

ከቀይ ገደል ጋር የሚዋሰነው ማሳ የአንለይ ነበር። አንለይ ጠንካራ ገበሬ ነው፤ ቁጡም ነው። ያን ዓመት ዳጉሳው በቀለና ቆመ። ቢጫ ሆነ፣ ቀጨጨ። በመካከሉ ሐምራዊ አበባ ያላት ቆንጆ አረም ብቅ ብቅ አለች። በድንበሩ በዚህ በኩል የትርንጎ በቆሎ እንደ ደን ቆሟል፤ በዚያ በኩል የአንለይ ዳጉሳ ይሞታል። አንለይ ይህን አየና ሸክላ ሠሪዋ የመሬቴን ጉልበት በዓይኗ ስባ ወሰደችው አለ። አንዱ ለሌላው ነገረው፤ አገር አመነ።

አያ ቢተው ዋርካው ሥር ሸንጎ ጠሩ። ሰው ተሰበሰበ፤ ትርንጎም ከልጆቿ ጋር ራቅ ብላ ቆመች። አንለይ ተነስቶ ክሱን አሰማ። ሰብሏ ተሰብስቦ ከአገር ትውጣልን አለ። ብዙዎች ትውጣ አሉ። አያ ቢተው ምን ትያለሽ አሏት።

ትርንጎ ብዙ አልተናገረችም። እኔን ከማስወጣታችሁ በፊት የአያ አንለይን ማሳ አብረን እንየው አለች። ሄዱ። ዝናብ ይጥል ነበር። ትርንጎ ማሳው ውስጥ ገባች፤ አንለይ ዱላውን ይዞ በላይዋ ቆመ። ተንበረከከች። በእጆቿ ጭቃውን ቀስ ብላ ገለጠችውና አንድ የቀጨጨ ዳጉሳ ከነሥሩ አነሳች። ሐምራዊ አበባ ያላት አረምም አብራ ተነሳች። የአረሟ ሥር የዳጉሳው ሥር ላይ ተጣብቋል፤ ጡት እንደያዘ ሕፃን።

“የእርስዎን መሬት የምትጠባው ይቺ ናት” አለች። “እኔም ማሳ ገብታለች። አበባዋ ፍሬ ሳይዝ ስለምነቅላት ነው የማታዩዋት።”

አቀንጭራ ነበረች። ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ አየ። አያ ቢተው አንዱን ራሳቸው ነቅለው አዩ፤ ሌላም ነቀሉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ ሴትዮዋ ትቀመጥ አሉ። ሰውም ተበተነ።

አንለይ ግን ይቅርታ አልጠየቀም፤ ዝናቡ ውስጥ እንደቆመ ቀረ። ማሳው ሰፊ ነው፣ አበባው ብዙ ነው፣ ጊዜው አልፏል። ትርንጎ አየችውና ወደ ቤቷ አልሄደችም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረች፤ ከማሳው ጫፍ ጀምራ አንድ በአንድ መንቀል ጀመረች። አንለይ ይመለከታታል። ጥቂት ቆይቶ ዱላውን ድንበሩ ላይ አስቀመጠ። እሱም ከሌላው ጫፍ ጀመረ። ሳይነጋገሩ ነቀሉ። በማግስቱም ነቀሉ፤ በሳምንቱም ነቀሉ። የአንለይ ዳጉሳ ያን ዓመት ብዙ አልሰጠም፤ ቢሆንም ለዘር የሚሆን ተረፈው። ትርንጎ ማሳውን ለአንድ ዓመት ከዳጉሳ አሳርፎ ግብጦ እንዲዘራበት ነገረችው። አንለይም መስከረም ላይ ግብጦ ዘራ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ክፉው ዓመት መጣ።

ያን ዓመት ሰኔ በደንብ ዘነበ። ሐምሌም ዘነበ። ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ዝናቡ እንደተቆረጠ ገመድ ቀረ። ነሐሴ ያለ ጠብታ አለፈ። ጤፉ ሳያዘረዝር ደረቀ። ዳጉሳው ነደደ። መሬቱ ተሰነጣጠቀ፤ ወንዙም ቀጠነ። በቀይ ገደልም ላይኛው ጫፍ ያለው በቆሎ ጠወለገ። ከዚያ በታች ያለው ግን ቆመ። ከክትሮቹ ኋላ የተከማቸው አፈር የሐምሌን ውሃ ይዞ ቆይቷል። ትርንጎ ያለፈውን ዓመት አገዳ በእግሮቹ መካከል አንጥፋበት ነበርና ፀሐይ አፈሩን አላገኘውም። አገዳውን ገለጥ ሲያደርጉት ከሥሩ ያለው አፈር እርጥብ ነበር።

እሸቱ ደረሰ። አገሩ ደግሞ ተርቧል። ትርንጎ እሸቱን ጠብሳ በመንገድ ዳር፣ በሰፋፊ ቅጠል ላይ ደረደረችው። ሰዎች አልፈውት ሄዱ። ልጆች እጃቸውን ሲሰዱ እናቶቻቸው ጎተቷቸው። ኋላ ዝንጀሮዎች ወረዱና በሉት። ትርንጎ ዝንጀሮዎቹን አላባረረችም። ያን ዕለት ያዘነችው በሰዎቹ ነበር።

በሌላው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አገር እያያት፣ አንዲት ሴት ወደ ቀይ ገደል መጣች። የአንለይ ሚስት ውዴ ናት። ሕፃን አዝላለች። ትርንጎ እሳት ዳር ተቀምጣ ነበር። ውዴ ከጎኗ ተቀመጠች።

“ልጄ ጡቴን ይጎትታል” አለች ውዴ። “ምንም የለውም። ደርቋል።”

ትርንጎ አንድ እሸት ከእሳቱ አወጣች፤ ግን አልሰጠቻትም።

“ከእጄ ትበያለሽ?”

“ዕድሜዬን ሙሉ በድስትሽ በላሁ” አለች ውዴ። “እጅሽ ከድስቱ በምን ይለያል?”

ትርንጎ ሰጠቻት። ውዴ በላች። አንድ በላች፣ ሌላም በላች፣ በላዩ ውሃ ጠጣች። ጥቂት ቀን እንዲህ ተመላልሳ ከበላች በኋላ ጡቷ ወተት አገኘ፤ ሕፃኑም ማልቀሱን ተወ። የውዴን ልጅ ያየች ሌላ እናት መጣች። እሷን ያየች ሌላም መጣች። ከዚያ ልጆች መጡ። በእሸት የጀመሩት በደረቁ ቀጠሉ፤ ትርንጎ እየቀቀለች አበላቻቸው። ወንዶቹ አልመጡም። ወንዶቹ ሚስቶቻቸው በነጠላ ሸሽገው ያመጡላቸውን ከየት እንደመጣ ሳይጠይቁ በሉ። እንዲህ እያለ አገሩ ክረምትንም በጋንም አለፈ፤ ሰው ከሳ እንጂ አልሞተም።

ግንቦት ደረሰ። ዝናቡ በጊዜው መጣ፤ መሬቱ ለሰለሰ። የሚዘራ ግን የለም። ዘሩ ሁሉ ተበልቷል። በአገሩ ዘር ያለው በአንድ ቤት ብቻ ነው። ትርንጎ ከማሳው መሀል የበረቱትን ራሶች መርጣ ከነሽፋናቸው በጣሪያዋ ሥር ሰቅላቸው ነበር፤ የምድጃው ጭስ ስለሚደርሳቸው ነቀዝ አልነካቸውም።

አያ ቢተው አሽከራቸውን ስልቻ አስይዘው ላኩ። ለአገሩ የሚሆን ዘር ሙሊልኝ፣ ዋጋውን እኔ አውቃለሁ ብለው ላኩባት።

ትርንጎ ስልቻውን አልተቀበለችም። “ዋጋ አልፈልግም” አለችው። “ዘሩንም አልከለክልም። ለስልቻ ግን አልሰጥም። የሚዘራ ሰው ይምጣ፣ እጁን ይዘርጋ፤ ከእጄ በእጁ ይቀበል።”

አሽከሩ ይህን ሲያደርስ ደጁ ተንጫጫ። አንዳንዶቹ ሄደን በጉልበት እናውርደው አሉ፤ ባሏ የሞተባት ብቻዋን ያለች ሴት ናት፣ ማን ይከለክለናል አሉ። አያ ቢተው መሬት መሬት ያዩ ነበር። ያኔ አንለይ ተነሳ። ይቺ ሴት በዝናብ በማሳዬ ተንበርክካለች፣ ልጄም በእሷ እሸት ነው የቆመው፣ ወደ ቤቷ ዱላ ይዞ የሚሄድ መጀመሪያ እኔን ያገኘኛል አለ። የተነሱትም ተመልሰው ተቀመጡ።

በማግስቱ ጠዋት አንለይና ውዴ ወደ ትርንጎ ደጅ ሄዱ። አንለይ ዱላውን አጥሩ ላይ አስደግፎ ገባ። ሁለት እጆቹን አጋጥሞ ዘረጋ። ትርንጎ አፍሳ ሰጠችው። እጇ እጁን ነካው። አንለይ ዘሩን አየ፣ እሷን አየ፤ “እግዜር ይስጥልኝ፣ እኅቴ” አለ። ከመንደሩ ወንድ እኅቴ ሲላት የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ አገሩ ወጣ። አንድ በአንድ መጡ፣ አንድ በአንድ እጃቸውን ዘረጉ፣ አንድ በአንድ ተቀበሉ። ትርንጎ ዘር ስትሰጥ ነገርም ትሰጣለች፤ ድንጋይህን ዝቅ አድርገህ ደርድር፣ እበቱን አታንድጂው፣ አገዳውን አታቃጥል፣ አደንጓሬ ከጎኑ ትከይ ትላለች። ሰውም እሺ ይላል።

አያ ቢተው ራቅ ብለው አንድ ብሳና ዛፍ ሥር ቆመው ነበር። ፀሐይ እስክትዘቀዝቅ ቆሙ። ሰው ሁሉ ወስዶ ሲጨርስ ወደ ደጁ መጡ። የጋቢያቸውን ጫፍ ዘረጉ። ትርንጎ ዘሩን ይዛ ጠበቀች።

“እጅዎን፣ አያ ቢተው” አለች።

አያ ቢተው ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና እነዚያን እንደ ሰፌድ የሰፉ እጆቻቸውን ዘረጉ። ትርንጎ ለማንም እንደሰጠችው አንድ እፍኝ አኖረችላቸው። አያ ቢተው ወደ መዳፋቸው አዩ፤ እፍኙ መሀል ላይ ጠብ ብሎ ቀርቷል።

“አልሞላም፣ ትርንጎ” አሉ። “ፈጣሪ ይሄን እጅ አስፍቶብኛል። አልሞላም።”

መጀመሪያ የሳቀችው ትርንጎ ናት። ቀጥሎ ውዴ ሳቀች። ከዚያ አያ ቢተው ራሳቸው በዚያ ከወንዝ ማዶ በሚሰማ ድምፃቸው ሳቁ፤ ደጁ ሁሉ ሳቀ። ትርንጎ ጨመረችላቸው፤ እየሳቀች ጨመረችላቸው፣ እስኪሞላ ጨመረችላቸው።

ያን ዓመት ብሳና ውሃ ከዳር እስከ ዳር በቆሎ ሆነ። ነሐሴ ላይ እሸቱ ሲደርስ አያ ቢተው በደጃቸው ትልቅ እሳት አስነደዱ። ትርንጎን ከልጆቿ ጋር ጠርተው ከሚስታቸው ጎን አስቀመጧት፤ ከአንድ ሰፌድ በሉ። ኅዳር ላይ ጎተራው ሁሉ ሞላ፤ ጎተራ የሌለው ዛፍ ላይ ሰቀለ፣ ዛፍ የሌለው ከጎረቤት ጣሪያ ተጠጋ። ከወንዝ ማዶ ያሉ አገሮች ዘር ፍለጋ መጡ። አያ ቢተውም ሽማግሌ ይዘው በቀይ ገደል ዙሪያ በእግራቸው ተራመዱ፣ ሽማግሌዎቹን በድንበሩ ላይ አስምለው ለትርንጎና ለልጆቿ ርስት አደረጉት። ያ መሬት ዛሬ ጥቁር ነው። ዶማ ስታነሳበት እስከ እጀታው ይገባል፤ ቀይነቱን የሚያስታውስ ስሙ ብቻ ነው።

ትርንጎ ብዙ ዘመን ኖረች። ሸክላውን አልተወችም፤ በበጋ ድስቷን ትተኩሳለች፣ በክረምት በቆሎዋን ትኮተኩታለች። ልጆቿ በአገሩ ተዳሩ፣ ወለዱ፣ ተወላጆቻቸውም እዚህ መሀላችን አሉ። ማን እንደሆኑ አልነግራችሁም፤ ሁላችንም ሳንሆን አንቀርም።

ስለዚህ ነው በእኛ አገር ግንቦት ላይ ማንም ሰው የራሱን ዘር ቀድሞ የማይዘራው። ቤቱ ሙሉ ጎተራ ቢኖረው እንኳ ስልቻውን ትቶ ወደ ጎረቤቱ ደጅ ይሄዳል፤ ባዶ እጁን ይዘረጋል። ጎረቤቱም ማን ነህ፣ የማን ወገን ነህ ሳይል አንድ እፍኝ ያኖርለታል። ተቀባዩ ዘሩ ከእጁ እየፈሰሰ እንኳ ቢሆን “አልሞላም” ይላል። ሰጪውም ስቆ ይጨምርለታል። ሁለቱ አብረው ሳይስቁ ዘር አይዘራም። ግንቦት ሲመጣ ከየደጁ የምትሰሙት ሳቅ እሱ ነው።